በድርጅቶች ኅብረት ቢሮ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ ዘንድሮ ተመርቃችሁ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ጀምራችኋል። ጥቂቶቻችሁ ደግሞ የድርጅቶች ኅብረት ወይም ኔትወርክ በሚባል ቢሮ ተቀጥራችኋል። ቤተሰብ "ምንድን ነው የምትሠሩት?" ሲላችሁ ለማስረዳት እንደምትቸገሩ አውቃለሁ። ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያሳድግ ድርጅት ለማንም ይገባል። አረጋውያንን የሚጦርም ይገባል። እነዚህን ድርጅቶች ያሰባሰበ ቢሮ ግን ራሱ ማንንም አያጎርስም፣ ማንንም አያስታምም። ታዲያ ምን ይሠራል?

እኔ ዕድሜዬን በዚሁ ሙያ የጨረስኩ ሰው ነኝ። እዚህ ጅማ በትንሽ ድርጅትም፣ በኅብረት ቢሮም ሠርቻለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የኅብረት ጉልበት የሚመጣው አባሎቹን በደንብ ከማወቁ ነው። አባሎቹን የማያውቅ ኅብረትም ስብሰባ ይጠራል፣ ባነር ያሰቅላል፣ ሪፖርት ያሳትማል። አባሎቹ ግን ጭንቅ ሲይዛቸው ወደ እሱ አይደውሉም።

ይህ ዓይነት አደረጃጀት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስትመታ ቤተ ክርስቲያናትና የዕርዳታ ድርጅቶች ሥራቸውን ለማቀናጀት ተሰባሰቡ። ዛሬ ሲሲአርዲኤ (የክርስቲያን የዕርዳታና የልማት ማኅበራት ኅብረት) የምንለው የተነሳው ከዚያ ነው። አሁን በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። ኋላ ደግሞ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት የራሳቸውን ፌዴሬሽን አቋቋሙ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ወገኖች ማኅበራትም በኔትወርክ ተሰባሰቡ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤት ተመሠረተ። ይህ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የታሰበ ነው። ሥራው ዘርፉን መወከል፣ የሥነ ምግባር ደንብ ማውጣትና ድርጅቶቹ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲቆጣጠሩ ማድረግ ነው።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን በየስብሰባው ትሰማላችሁ። እውነት ነው። ድሩ የት ላይ እንደላላ የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልጋል። ያ ሰው እናንተ እንድትሆኑ ነው የምፈልገው።

ማወቅ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በቅርብ ላሳያችሁ።

እኛ ጋ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በእነዚያ ወራት ማና፣ ጎማና ሊሙ በሚባሉት የጅማ አካባቢዎች ሰው ሁሉ ቡና ላይ ነው። የድርጅቶቻችን በጎ ፈቃደኞችም ገበሬዎች ናቸው። ቤት ለቤት እየሄደች አረጋውያንን የምትጠይቀው እናት የራሷ ቡና አላት። ከሌላትም በቀን ሥራ የሰው ትለቅማለች። የዓመቱ ልብስ፣ የልጆች ደብተር፣ የእድር ውዝፍ ሁሉ የሚከፈለው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ያለ ቢሮ ግን የበጎ ፈቃደኞች ሥልጠናን ኅዳር ላይ ያስቀምጣል። ለምን? የውጭው ለጋሽ በጀት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስለሚዘጋ ገንዘቡ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ሥልጠናው ይጠራል፤ ከተጠሩት ግማሹ አይመጣም። ሪፖርቱ ላይ "በጎ ፈቃደኞች ለሥልጠናው ያሳዩት ፍላጎት አነስተኛ ነው" ተብሎ ይጻፋል።

እዩት እንግዲህ። አንድም ውሸት አልተነገረም። ሰዎቹ አልመጡም። ነገር ግን ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው ዓመት የእነዚያን ሴቶች በጀት ልታስቀንስ ትችላለች። ጅማን የሚያውቅ አንድ ሰው እቅዱ ሲወጣ እዚያ ተቀምጦ ቢሆን "የካቲት ይሁን" ይል ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሌላ ላሳያችሁ። መርካቶ አካባቢ፣ የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው፣ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አስቡ። በአንደኛው ክፍል ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ያጠናሉ። በሌላው የሂሳብ ሠራተኛዋ ደረሰኝ ወረቀት ላይ ትለጥፋለች። ልጅ ሲያለቅስ ሙጫውን አስቀምጣ ትነሳለች፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው የለም። ድርጅቱ ሦስት ለጋሾች አሉት። አንዱ የበጀት ዓመቱን በሐምሌ ይጀምራል፣ አንዱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ፣ አንዱ ደግሞ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ይቆጥራል። ሦስቱም የየራሳቸው ቅጽ አላቸው። አንዱ ዕድሜን "ከ15 ዓመት በታች" ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው "ከ18 በታች" ይላል። ያችው የሂሳብ ሠራተኛ ያንኑ መዝገብ በሦስት መንገድ ትቆጥራለች። የምትቆጥረው ደግሞ ማታ ነው።

አንድ ሕፃን ሲታመም ይዛው በባጃጅ ሆስፒታል ትሄዳለች። ባጃጅ ደረሰኝ አይቆርጥም። ኦዲተሩ ሲመጣ ያቺን ገንዘብ "ማስረጃ የሌለው ወጪ" ይላታል። ኦዲተሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው። ግን ከዚያ በኋላ ልጅቷ የባጃጅ ብሩን ከራሷ ኪስ መክፈል ትጀምራለች። ደመወዟ ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የኅብረት ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ያቺ ሴት ብቻዋን ለጋሹንም ኦዲተሩንም ማሳመን አትችልም። ሃያ ድርጅቶች ያሉት ኅብረት ግን ይችላል። ደረሰኝ ለማይገኝበት ትንሽ ወጪ አንድ ወጥ የክፍያ ቅጽ ያዘጋጃል። የተጓዘው ሰው፣ የሄደበት ቦታ፣ ምክንያቱና ፊርማው ይሰፍርበታል፣ የገንዘቡ ጣሪያም ይወሰናል። ከዚያ ኅብረቱ ቅጹን ይዞ ከለጋሾቹና ከኦዲተሮቹ ጋር ይነጋገራል። ሦስቱን የሪፖርት ቅጽም ወደ አንድ ለማምጣት ይሟገታል። ባይሳካ እንኳ የዕድሜ ክፍፍሉን ማስማማት ይቻላል። ይህ ጉዳይ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ለእኔ ግን ከአሥር ወርክሾፕ ይበልጣል።

ግን ልብ በሉ። ኅብረቱ የባጃጁን ጉዳይ የሚያውቀው ሄዶ ካየ ብቻ ነው። ማንም ዳይሬክተር በስብሰባ ላይ ተነስቶ "የባጃጅ ደረሰኝ አስቸገረን" አይልም። ያፍራል። ስለ አቅም ግንባታ፣ ስለ ዘላቂነት፣ ስለ አጋርነት ይናገራል። እናንተም ያንን ጽፋችሁ ትመለሳላችሁ።

አሁን ትልቅ ወደሆነው ጉዳይ ልምጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የበጎ አድራጎት አዋጅ ብዙዎቻችሁ በዕድሜ አትደርሱበትም። አዋጅ ቁጥር 621 ይባላል። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች፣ በሕፃናት፣ በአካል ጉዳተኞች መብትና በመሳሰሉት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ለአካል ጉዳተኛው ክራንች መስጠት ይቻል ነበር፤ ስለ መብቱ መናገር ግን አይቻልም ነበር። በዚያ ላይ አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። 30 በመቶ ሲሰማ ብዙ ይመስላል። ችግሩ ግን "አስተዳደራዊ" የተባለው ነገር ስፋት ነበር። ለሥልጠና፣ ለጉዞ፣ ለክትትል የሚወጣ ብዙ ወጪ እዚያ ውስጥ ገባ። የኅብረት ሥራ ደግሞ ምንድን ነው? ማሠልጠን፣ ማገናኘት፣ መከታተል ነው። ስለዚህ ኅብረቶች ዋና ሥራቸው እንደ ቢሮ ወጪ ተቆጠረባቸው። ያኔ ብዙ ድርጅት ተዘጋ፣ ብዙውም ዓላማውን ቀየረ።

በ2011 የወጣው አዋጅ ጣሪያውን 20 በመቶ አደረገው። አንድ ወጣት ይህን አንብቦ "ታዲያ ባሰበት እንጂ ተሻለ እንዴ?" ብሎኛል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው እንደዚያ ማለቱ አይገርምም። አዲሱ አዋጅ ግን አስተዳደራዊ ወጪ ማለት ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ነው ብሎ ጠበብ አደረገው። ስለዚህ 20ው ከበፊቱ 30 የተሻለ ሆነ። አዋጁ ሲረቀቅ ከሲቪል ማኅበራቱ ዘርፍ የመጡ ሰዎች ተሳትፈውበታል። በእንደዚያ ያለ ጠረጴዛ ላይ "ሕጉ ጎድቶናል" ማለት ብቻውን ሚዛን አይደፋም። የትኛው ወጪ፣ የትኛው ሥራ ላይ፣ ማንን እንደነካ በዝርዝር የሚያሳይ ሰው ነው የሚደመጠው። ያ ዝርዝር የሚገኘው ከየትም አይደለም፤ ደረሰኝ ከምትለጥፈው ልጅ መዝገብ ነው።

የውጭ ልምድም ካስፈለጋችሁ የአውስትራሊያን እዩ። እዚያ የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅቶች አገር አቀፍ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው የተቋቋመው። ለየክፍለ ግዛቱም የየራሱ ኅብረት አለ። ከሥራዎቹ መካከል እኔን የሚማርከኝ የድርጅቶቹ ጥናት ነው። ድርጅቶቹን "ስንት ሰው አገለገላችሁ?" ብሎ ብቻ አይተዋቸውም። የመጣባችሁን ፍላጎት ምን ያህል ልታሟሉ ቻላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁስ እንዴት ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ለመንግሥት አቤት ሲል ይህን በእጁ ይዞ ነው።

እኛ ጋ ግን ይህ ጥያቄ የለም ማለት ይቻላል። የሪፖርታችን ቅጽ ሁሉ የተረዳውን ሰው ይቆጥራል። በር ላይ ደርሶ የተመለሰውን አይቆጥርም። ልጇ የማይራመድላት አንዲት እናት ከሰርቦ ተነስታ ጅማ ትመጣለች። አንዱ ድርጅት "እኛ ከከተማ ውጭ አንሠራም" ይላታል። ሌላው "ፕሮጀክቱ ሰኔ ላይ አልቋል" ይላታል። ሦስተኛው "እኛ ለዓይነ ስውራን ነው" ይላታል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ማታ ልጇን አዝላ ትመለሳለች። በሦስቱም ድርጅቶች ሪፖርት ላይ ግን ይህች ሴት የለችም። አልመጣችም ማለት ነው። ለመንግሥትም፣ ለለጋሽም፣ ለኅብረቱም የሌለች ሴት ናት።

አደራ የምላችሁ እዚህ ላይ ነው። የምትሠሩበት ኅብረት አንድ ነገር ብቻ እንዲጀምር ማድረግ የምትችሉ ከሆነ ይህን ይጀምር። እያንዳንዱ አባል የመለሰውን ሰው በአንድ ደብተር ይመዝግብ። ስም አያስፈልግም። ከየት መጣ፣ ምን ፈለገ፣ ለምን ተመለሰ፣ ወዴት ተላከ። አራት ዓምድ ይበቃል። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሮቹን ስታገናኙ የከተማው ጉድለት ፊት ለፊት ይወጣል። ሦስት ድርጅት በአንድ ቀበሌ ለአንድ ዓይነት ልጆች ደብተር ሲያድል፣ ለሚጥል በሽታ ሕመምተኛ ግን አንድም እንደሌለ ያን ጊዜ ታያላችሁ። ያን ይዞ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ በር የሚያንኳኳ ኅብረት በቀላሉ አይመለስም።

በዚህ ሥራ የጅማ ዩኒቨርሲቲን አትርሱ። ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን ማኅበረሰብ ላይ የመሠረተ ነው፤ ስሙም በዚህ ይታወቃል። ተማሪዎቹ መጠይቅ ይዘው በየቀበሌው ሲዞሩ ያላያቸው የጅማ ሰው የለም። ከመካከላችሁም የዞራችሁ አላችሁ። የሰበሰባችሁት መረጃ ለውጤት ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የኅብረቱ ሰው ሄዶ መምህራኑን ያነጋግር። ድርጅቶቹ የሚፈልጉት ጥያቄ በመጠይቁ ውስጥ ይግባ፤ ግኝቱም ይመለስላቸው። ወጪው የሻይ ነው።

ስለ እድርም ሳልናገር አላልፍም። እድር በሲቪል ማኅበራት አዋጅ ውስጥ አይደለም። እቁብም እንደዚያው። ስለዚህ በኅብረቶች የአባላት ዝርዝር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አታገኟቸውም። ነገር ግን ከተማችን ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ሲታመም የሚጠይቀው ማን ነው? በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈራችንን ሲያራቁት ብዙ እድሮች መቅበር ብቻ እንደማይበቃ አዩ። ለታመመው ምግብ፣ ለቀሩት ልጆች ማሳደጊያ ማዋጣት ጀመሩ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። እስከዚያ ድረስ ያስታመመው ጎረቤትና እድር ነው። ያኔ ከእድር ዳኞች ጋር ቁጭ ብለው የተማከሩ ድርጅቶች ሥራቸው ያዘላቸው። "ሕጋዊ ሰውነት የላቸውም" ብለው ያለፏቸው ደግሞ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብረው አለቁ። ኅብረት የአገልግሎት ዘርፉን አውቃለሁ የሚል ከሆነ የእድሮቹንም ሥራ ይወቅ። አባል ማድረግ ባይችል በስብሰባው ይጋብዛቸው። አፋን ኦሮሞ የሚቀላቸው በአፋን ኦሮሞ ይናገሩ፤ አማርኛ የሚቀላቸው በአማርኛ። እንግሊዝኛ ቅጽ ግን አትዘርጉባቸው።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልናገር። ብዙ ኅብረት የሚበላሸው ከአባሎቹ ጋር ለገንዘብ ሲሻማ ነው። ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። አንድ ለጋሽ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ኅብረቱ ጥሩ ፕሮፖዛል የሚጽፉ ልጆች አሉት፤ እናንተን ማለቴ ነው። ትንሿ ድርጅት የላትም። ኅብረቱ ይወዳደራል፣ ያሸንፋል፣ ሥራውን ራሱ መሥራት ይጀምራል። መኪና ይገዛል። በሁለተኛው ዓመት አባሎቹ እቅዳቸውን ይደብቁታል። በሦስተኛው ዓመት እውነቱን የሚነግረው የለም። በዚያ ሰዓት ስለ አባሎቹ የሚያውቀው ነገር አልቋል። ገንዘቡ አለ፣ ዋናው ሀብቱ ግን ሄዷል። አለቃችሁ እንዲህ ዓይነት ፕሮፖዛል ጻፉ ቢላችሁ "ይህን የሚሠራ አባል የለንም ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። በትሕትና ጠይቁ፤ ግን ጠይቁ።

አባል ገመናውን የሚነግራችሁ አምኖ ነው። ደመወዝ ለሁለት ወር እንዳልከፈለ የነገራችሁ ዳይሬክተር ነገ ከለጋሹ አፍ ቢሰማው ዳግመኛ በሩን አይከፍትላችሁም። ሌብነትን መሸፈን ግን አይደለም። ሌብነት ስታዩ በሥነ ምግባር ደንቡ መሠረት ይሂድ። ችግርና ሌብነት የተለያዩ ናቸው፤ መለየት ደግሞ የእናንተ ሙያ ነው።

2017 ዓ.ም. ሁላችንንም ያስደነገጠ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በየቢሮው የነበረውን ዝምታ አስታውሳለሁ። በአገሪቱ በዚያ ገንዘብ የሚከፈላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ድርጅቶች ሠራተኛ በተኑ። በዚያ ሰሞን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥያቄ ቀላል ነበር። የትኛው አገልግሎት ዛሬ ቆመ? የትኛው እስከ መቼ ይቆያል? የቆመበት ሰው ወዴት ይሂድ? አባሎቹን የሚያውቅ ኅብረት ይህን በስልክ በሁለት ቀን ይሰበስባል። የማያውቀው ደብዳቤ ጽፎ መልስ ይጠብቃል፤ እስከዚያ ሕመምተኛው ቀጠሮው ያልፍበታል። ሌላም የታየ ነገር አለ። የ2011ዱ አዋጅ ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ስንቶቹ አባሎቻችሁ ጀመሩ? የጀመሩት ምን አተረፉ፣ ምን ከሰሩ? አንዱ የከሰረበትን ሌላው ሳይደግመው እንዲያልፍ ማድረግ ማንም ሊተካችሁ የማይችል ሥራ ነው።

በትንንሽ ድርጅቶች ውስጥ ያላችሁትም አላችሁበት። ከኅብረቱ መጠይቅ ሲመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ አትበሉ። ኅብረቱ ቁጥር ሲጠይቃችሁ ትክክለኛውን ላኩ፤ ለማማር ብላችሁ አትጨምሩ። መዋጮ ክፈሉ። ከፍላችሁ ደግሞ "ምን ሠራችሁበት?" ብላችሁ ጠይቁ። ጠቅላላ ጉባኤ የአበል ቀን አይደለም።

ለኅብረት ሠራተኞች የቀረኝ ይህ ነው። ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ወር አለቃችሁን ፈቃድ ጠይቁና ከአባሎቻችሁ ትንሿን መርጣችሁ ሂዱ። የጉብኝት ፕሮግራም አታስወጡ፣ ካሜራም አትያዙ። ሁለት ሦስት ቀን አብራችኋቸው ዋሉ። ደረሰኝ አብራችሁ ለጥፉ፣ ቤት ለቤት አብራችሁ ዙሩ፣ በር ላይ የሚመለሰውን ሰው በዓይናችሁ እዩ። ያያችሁትን ስትጽፉ ለአለቃችሁ ከመላካችሁ በፊት መጀመሪያ ለእነሱ አንብቡላቸው። "ይሄማ እኛ አይደለንም" ካሏችሁ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አስተካክሉት።